መብራት በጠፋ ጊዜ የተወራ ወሬ

ወይዘሮ ወለተሰንበት በየወሩ መባቻ፣ በልደታ ቀን፣ ቤት ውለው አያውቁም። በማለዳ ነጠላቸውን አጣፍተው ይወጣሉ፤ ቅዳሴው ካለቀም በኋላ ከማኅበር ጓደኞቻቸው ጋር ሲጫወቱ ቆይተው ከሰዓት በኋላ ነው የሚመለሱት። በ1978 ዓ.ም. ታኅሣሥ አንድ ቀን ግን ጉልበታቸው አላስነሣ ብሏቸው ቀሩ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ልጃቸው ሲስተር ፀዳለ ለምሳ ከሆስፒታል ስትመለስ ሳሎኑ ውስጥ በጀርባቸው ወድቀው አገኘቻቸው። ብፌው ጠርዝ ላይ ደም ነበረ። ገላቸው ቀዝቅዟል።

ሻምበል ወልደአማኑኤል የመጣው በእግሩ ነው። የሟቿ ቤት ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ወደ ጠመንጃ ያዥ በሚወስደው ጠባብ መንገድ ላይ ስለሆነ ከፖሊስ ጣቢያው ዐሥር ደቂቃ አያስኬድም። በጎረቤት የተሞላውን ደጃፍ አልፎ ገባ፣ አንሶላውን ገለጥ አድርጎ የአሮጊቷን ፊት አየ፣ መልሶ ሸፈናቸው። ከዚያ ሳሎኑ መካከል ቆሞ ዓይኑን በዝግታ በየጥጉ አዞረ።

በሃያ ሁለት ዓመት የፖሊስነት ዘመኑ ሌባ የገባበት ቤት ምን እንደሚመስል ጠንቅቆ ያውቃል። ፍራሽ ይገለበጣል፣ ሣጥን ይዘረገፋል፣ የዱቄት ዕቃ ሳይቀር ይደፋል። እዚህ ግን ሬዲዮው ጠረጴዛው ላይ ነው። የሲስተር ፀዳለ የእጅ ሰዓት እንኳ ከመስተዋቱ ሥር እንደተቀመጠ ነው። የተነካው ብፌው ብቻ ነበር። የታችኛው መሳቢያ ወጥቶ ግድግዳው ሥር ቀስ ተደርጎ ተቀምጧል። ከመሳቢያው ጀርባ ያለው ስስ ጣውላ በቦዩ ተንሸራቶ ተከፍቷል፤ አንድ ጭረት እንኳ የለበትም።

«ይህ ሰው ፍለጋ አልገባም» አለ ሻምበሉ አጠገቡ ለቆመው ለሃምሳ አለቃ ኃይለመለኮት። «ያለበትን አውቆ ነው የመጣው።»

ሲስተር ፀዳለ ጓዳ ውስጥ ሴቶች ከበዋት ተቀምጣለች። አርባ አምስት ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ ነጭ የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም።

«ሲስተር፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ከዚያ ጣውላ ጀርባ ምን ነበር?»

«የእናቴ ወርቅ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የሠርጋቸው ሐብልና መስቀል፣ በአንዲት የቆርቆሮ ሣጥን። በስልሳ ሰባት ዓ.ም. ፍተሻ ሲበዛ አባቴ ነው እዚያ ያስገባው።»

«ማን ያውቃል?»

«እናቴና እኔ። አባቴ ካረፈ ስምንት ዓመቱ ነው።»

«ሌላ ሰውስ?»

«ማንም» አለች። ሲጠይቃት ዓይን ዓይኑን ስታይ የነበረችው ሴት፣ ይህን ስትመልስ ወለሉን አየች። ሻምበሉ ልብ ብሏል። ግን እናቷ ገና አልተገነዙም፤ ተዋት።

ከጎረቤቶቹ አንዷ አራት ሰዓት ገደማ አንድ ሰው ከግቢው ሲወጣ ማየቷን ተናገረች። ፊቱን አላየችም። ጎንበስ ብሎ፣ በአንድ እጁ ሆዱን ደግፎ ነበር የሚሄደው።

«የታመመ ሰው ነው ብዬ አዘንኩለት» አለች።

«ሣጥኑን ኮቱ ሥር ሸጉጦ ነዋ» አለ ኃይለመለኮት እየጻፈ። ሻምበሉም ትክክል መሰለው።

በቀብሩ ማግስት ሲስተር ፀዳለ ጥቁር ለብሳ ጣቢያ መጣች። ወንበር ቢሰጣትም አልተቀመጠችም።

«ሻምበል፣ የዚያን ዕለት ዋሽቼዎታለሁ» አለች። «ለሰው ተናግሬ ነበር። እንዴት ብዬ ልንገርዎ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።»

ጥቅምት 14 ቀን፣ አለች፣ የጨጓራ ቁስል ያለበት ሰው ኦፕራሲዮን እያደረግን ነበር። ሆዱ እንደተከፈተ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ቶሎ አይነሣም፤ የመስኮቱ ብርሃን ደግሞ ለሆድ ውስጥ አይበቃም። ዶክተሩ ቁስሉን በጨርቅ ሸፈነና እጁን ወደ ላይ አድርጎ ቆመ። ዝም ብሎ መቆም አሰልቺ ነው። ወሬ ተጀመረ። ዶክተሩ በፍተሻው ዘመን ቤቱ እንዴት እንደተበረበረ አወራ።

«እኔም ልቅለል ብዬ፣ የእኛን ቤት ዐሥር ጊዜ ቢፈትሹት አያገኙትም አልኩ። የመሳቢያውን ነገር፣ የጣውላውን ነገር፣ አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩት። እናቴ በልደታ ቀን በሩን ወለል አድርጋ ትታ ብትሄድ እንኳ የሚደርስበት የለም ብዬ ሣቅሁ። ሆዱ በተከፈተ ሰው ራስጌ ቆሜ ሻምበል! የአባቴን ምሥጢር!»

«እነማን ነበሩ?»

«ዶክተሩ። ማደንዘዣ የሚሰጠው ፈቃደ። የጽዳት ሠራተኛዋ ደሚቱ። እኔ።»

«በሽተኛውስ?»

«እሱማ ተኝቷል።»

ሻምበል ወልደአማኑኤል ማስታወሻው ላይ አራት ስም ጻፈ። የሲስተር ፀዳለን ሰረዘ።

የዶክተሩም ስም የዚያኑ ዕለት ተሰረዘ፤ ከኅዳር ጀምሮ ለድርቁ ወሎ ዘምቷል። ፈቃደ በታኅሣሥ አንድ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሥራ ላይ ለመሆኑ የሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ፊርማው አለ። የቀረችው ደሚቱ ናት። ማክሰኞ የዕረፍት ቀኗ ነበር። ቤቷ ልብስ ሳጥብ ዋልኩ አለች፤ ያየኝ ልጄ ብቻ ናት አለች። ልጅዋን ደግሞ በጥር ልትድር ነው፣ እጮኛዋም ሥራ የሌለው ጎረምሳ ነው። የሟቿ ጎረቤት ሆዱን ይዞ ሲሄድ ያየችውም ወንድ ነበር። ነገሩ እርስ በርሱ ተያያዘ።

ዓርብ ጠዋት ደሚቱ ተይዛ መጣች። ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆናት፣ እጇ በበረኪና የተላላጠ፣ ትንሽ ሴት ናት። ለሻምበሉ ሦስት ጊዜ እጅ ነሣች።

«ሲስተር ቤታቸው ምን እንዳለ አታውቂም?»

«አላውቅም ጌታዬ።»

«ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ሲወራ አልሰማሽም?»

«እኔ ወሬ አልሰማም ጌታዬ፣ ወለል ነው የማጥበው።»

አለቃው ጠዋት ደውሎለት ነበር። ሟቿ በሰፈሩ የተከበሩ ሴት ናቸው፣ ቀበሌው እየጠየቀ ነው፣ ለሰኞ ሪፖርት እፈልጋለሁ ብሎታል። ሻምበሉ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ወደ ኃይለመለኮት ዞሮ «አናግራት» አለው።

በጣቢያው ውስጥ ያ ቃል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ሻምበሉ ራሱ ማንንም መትቶ አያውቅም። ኮፍያውን አድርጎ ሜክሲኮ አደባባይ ድረስ ሄደ፣ ምሳውን በላ፣ ከበላም በኋላ ጋዜጣ ዘርግቶ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመለስ ጠረጴዛው ላይ የጣት አሻራ ያለበት ወረቀት ጠበቀው።

አነበበው። «ከልጄ እጮኛ ጋር ሆኜ ከሲስተር ቤት ከቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከልብስ ሥር፣ ወርቁን ወስጃለሁ» ይላል።

«ብፌስ?» አለ ሻምበሉ።

«የምን ብፌ?» አለ ኃይለመለኮት። የብፌውን ነገር ሊነግራት ረስቶ ነበር።

ሻምበሉ ወረቀቱን እንደያዘ ወደ ማረፊያ ክፍሉ ወረደ። ደሚቱ ግድግዳ ተደግፋ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣለች። የላስቲክ ጫማዋ ከጎኗ ነው። ውስጥ እግሯን አየ። ሁለተኛ ሊያየው አልቻለም፤ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«መብራት የጠፋ ዕለት ሲስተር ምን ስትል ሰማሽ?»

«የምትሉትን ሁሉ እላለሁ ጌታዬ።»

«እውነቱን ብቻ ንገሪኝ። ማንም አይነካሽም።»

«ደም የሞላ ባልዲ ልደፋ ወጥቼ ነበር» አለች። «መብራቱ ሲጠፋ ደረጃ ላይ ነበርኩ። እንዳልወድቅ እዚያው ቁጭ አልኩ። እስኪመጣ አልገባሁም።»

ሲስተር ፀዳለ ጋ ደወለ። አዎ፣ አለች ትንሽ አስባ፣ ደሚቱ ባልዲውን ይዛ የተመለሰችው ጄኔሬተሩ ከተነሣ በኋላ ነው። ስለ ወርቁ ሲወራ አልነበረችም።

ሻምበል ወልደአማኑኤል ስልኩን ከዘጋ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከወንበሩ አልተነሣም። በዚያች ደቂቃ ወርዶ በሩን ሊከፍትላት ይገባ ነበር። ግን የእምነት ቃሏ በስልክ ለበላይ ተነግሯል፤ አለቃውም ጎበዝ ብሎታል። ተሳስተናል ብሎ መልሶ መደወል ፊቱን አቃጠለው። እውነተኛውን ስይዝ አንድ ላይ እነግራቸዋለሁ፣ ያን ጊዜ ትፈታለች፣ ብሎ ራሱን አታለለ። የልጅዋ እጮኛ ብቻ በሚፈለጉ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ እንዳይገባ አደረገ። ደሚቱ ሦስት ቀን ተጨማሪ ታሰረች። በእነዚያ ሦስት ቀናት ሻምበሉ በማረፊያ ክፍሉ መስኮት በኩል ማለፍ ትቶ በመኪና ማቆሚያው ዞሮ ይገባ ጀመር።

ፈቃደ ብቻ ቀረ። ፊርማው እንዳለ ነው፤ የኦፕራሲዮኑ መዝገብ ግን ሌላ ነገር ተናገረ። በታኅሣሥ አንድ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ሁለት ሰዎች ኦፕራሲዮን ሲደረጉ ማደንዘዣ የሰጠው ፈቃደ አልነበረም። ባልደረባው ሸፍኖለታል።

«የት ነበርክ?» ሲለው፣ ቀጭኑና ዓይኑ የቀላው ወጣት፣ «ቤቴ፣ አሞኝ» አለ። አከራዩ ግን ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለሱን መሰከሩ። ሻምበሉ ደስ አለው። ሌላ ሰው ማግኘት፣ ያውም ደሚቱን ሊያስረሳው የሚችል ሰው ማግኘት ነው የፈለገው።

ደስታው ከአንድ ቀን አላለፈም። ከሰንጋ ተራ ጀርባ ጠጅ ቤት ያላቸው ወይዘሮ ፀሐይቱ የፈቃደን መልክ ሲነገራቸው አላመነቱም።

«ያ የሆስፒታሉ ልጅ? በልደታ ቀን ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት እዚያ ጥግ ነበር። እኔ ነኝ ደግፌ ያስነሣሁት። ከጥቅምት ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው፤ ዱሮ ብርሌ ጨብጦ አላየሁትም።»

ስለዚህ ፈቃደም አልሰረቀም። ሻምበሉ ከጠጅ ቤቱ ወጥቶ መንገድ ላይ ቆመ። የሰሙት ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ሌላ ቦታ ነበሩ። ከጥቅምት ወዲህ፣ የሚለው የሴትዮዋ ቃል ግን ጆሮው ውስጥ ቀረ። በጥቅምት ምን አግኝቶት ነው በጠዋት ለመጠጣት የተነሣው?

ሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ሄዶ ፈቃደን ለብቻው አስቀመጠው።

«ጠጅ ቤት እንደነበርክ አውቄያለሁ። አትፍራ። ሲስተር ያወራችውን ለማን ነገርክ?»

«ለማንም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚያስጠጣህ?»

ፈቃደ ሁለት እጁን ጉልበቱ መካከል አስገባ።

«ሻምበል» አለ በመጨረሻ፣ «በዚያ ክፍል ውስጥ የሰማነው ሦስት አይደለንም።»

«ደሚቱ አልነበረችም።»

«ደሚቱን አላልኩም። በሽተኛውን ነው።»

ሻምበሉ መጀመሪያ የሚቀልድበት መሰለው። «ተኝቷል ተባለ እኮ!»

«የተኛ ሰውና የማይንቀሳቀስ ሰው አንድ ይመስላሉ» አለ ፈቃደ። «ኦፕራሲዮን ሲደረግ የሚሰጠው አንድ መድኃኒት አይደለም። አንዱ ያስተኛል፣ ሌላው ጡንቻ ያላላል፤ ጡንቻው ካልላላ ሆድ ውስጥ መሥራት አይቻልም። የሚያላላው ግን አእምሮን አይነካም። ነርቭ ጡንቻን ተንቀሳቀስ ሲለው ጫፉ ላይ የሚረጨው ነገር አለ። መድኃኒቱ ቀድሞ ሄዶ ያንን የሚቀበለውን ቦታ ይይዝበታል። ትእዛዙ ይመጣል፣ የሚቀበለው የለም። እጅ አይነሣም፣ ዓይን አይገለጥም። ትንፋሽ እንኳ እኔ ነኝ በከረጢት የምሰጠው። ጆሮው ግን ይሰማል። ሕመሙም ይሰማዋል።»

«የሚያስተኛውስ? እሱን አልሰጠኸውም?»

«ሰጥቼዋለሁ። በደም ሥር የሚገባው በአንድ አፍታ ይጥላል፤ ግን ወዲያው ከደም ወጥቶ ወደ ቀረው ሰውነት ይበተናል፣ ዐሥር ደቂቃም አይቆይ። ከዚያ በኋላ አስተኝቶ የሚያቆየው የሚተነፍሰው ጋዝ ነው። የሚያላላውም ሁለት ዓይነት አለው። ቱቦ ስናስገባ የምንሰጠው አጭሩ፣ እዚያው ደም ውስጥ ተሰባብሮ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ረጅሙ አይሰበርም። ኩላሊት ቀስ እያለ አጣርቶ በሽንት እስኪያወጣው ድረስ አንድ ሰዓት ያህል ጡንቻውን ይዞ ይቆያል።»

«እና ያን ዕለት?»

«ጋዙ አለቀ።»

ይህን ካለ በኋላ ቃላቱ ሳይጠየቁ ይወጡ ጀመር። ጠዋት ጠርሙሱን ሳይፈትሽ ነበር የገባው። ትርፉ ያለው መጋዘን ነው፤ መጋዘኑ ተቆልፏል፤ ባለ መጋዘኑ ስብሰባ ላይ ነው። ለዶክተሩ አለቀብኝ ማለት አሳፈረው። ቶሎ እንጨርሳለን ብሎ ተስፋ አደረገ። ያን ጊዜ መብራቱ ጠፋ።

«ጣቱ ሲነቃነቅ አየሁ» አለ ፈቃደ። «የሚያላላው እያለቀለት ነበር። መንቃቱ ገባኝ። በደም ሥር የሚያስተኛው ዱቄት ነው፣ በውኃ መበጥበጥ አለበት፤ ስበጠብጥ ዶክተሩ ምን ሆነ ብሎ ሊጠይቀኝ ነው። የሚያላላው ግን መርፌ ውስጥ ተሞልቶ እጄ ላይ ነበር። ሰጠሁት።»

«ለምን?»

«ዝም እንዲል።»

ፈቃደ ተነሥቶ ከመደርደሪያው አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የዚያ ዕለት የማደንዘዣ መከታተያ ነው። ጣቱን መስመሩ ላይ አስኬደ። አራት ሰዓት ከዐሥር፣ የልብ ምት ሰማንያ አራት። አራት ከሃያ፣ መቶ አርባ። አራት ከሃያ አምስት፣ መብራት ጠፋ። አራት ከአርባ አምስት፣ መብራት መጣ። አራት ከሃምሳ፣ መጋዘኑ ተከፍቶ አዲስ ጠርሙስ ተገጠመ። ከዚያ በኋላ ነው ምቱ የወረደው።

«ከተዘጋው ዓይኑ እንባ ይወርድ ነበር» አለ። «በጥጥ ጠረግሁለት።»

ሻምበሉ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ስፌቱን ሊያስወጣ በመጣ ጊዜ እኔን ፈልጎ አገኘኝ። ወንድሜ፣ ሰምቻለሁ፣ ሲያወሩም ሲቆርጡኝም ሰምቻለሁ፣ አለኝ። ቅዠት ነው አልኩት። መድኃኒቱ ነው፣ ብዙ ሰው ይቃዣል አልኩት። እርግጠኛ ነህ? ብሎ ለመነኝ። ዓይኑን እያየሁ እርግጠኛ ነኝ አልኩት።»

«ስሙ ማነው?»

«ዘነበ። አናጺ ነው። እዚሁ ጠመንጃ ያዥ።»

ጭረት የሌለበት ጣውላ፣ ቀስ ተደርጎ የተቀመጠ መሳቢያ፣ ሆዱን ደግፎ የሚሄድ ሰው። ሻምበሉ ኮፍያውን አነሣ።

ዘነበ ከቤቱ ፊት ለፊት ባለች የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ጣውላ እየላገ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከታመመ ወዲህ ልብሱ ሰፍቶታል። ሻምበሉንና ሃምሳ አለቃውን ሲያይ አልደነገጠም። መላጊያውን አስቀመጠ፣ ከተደራረበው እንጨት ሥር እጁን አስገብቶ በሆስፒታል የቀጠሮ ወረቀት የተጠቀለለች ትንሽ የቆርቆሮ ሣጥን አወጣ።

«አንድም አልነካሁትም» አለ። «ለመመለስም አፈርኩ። ምን ብዬ?»

ሻምበሉ ከፈታት። ሐብሉም መስቀሉም እንዳለ ነው።

«ካልፈለግኸው ለምን ወሰድከው?»

«ልወስደው አልሄድኩም። ልየው ነው የሄድኩት።» ዘነበ እዚያው ጣውላ ላይ ተቀመጠ፤ ሆዱን በእጁ ደግፏል። «ጓድ ሻምበል፣ እኔ በሕይወቴ የሰው ዕቃ ነክቼ አላውቅም። ከሆስፒታል ከወጣሁ ጀምሮ ግን እንቅልፍ የለኝም። ዓይኔን ስጨፍን እዚያ ነኝ። እጮኻለሁ፣ ድምፅ የለኝም። ሲስተር ፀዳለ ስለ መሳቢያው ስታወራ ሰማሁ። መብራት መጣ ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ሐኪሙ፣ ይህ አናጺ ስንት ቁም ሣጥን ከፍቶ ይሆናል፣ ዛሬ የእሱን ከፈትንለት አለ። ሣቁ። ሲሥቅ ሆዴ ውስጥ ያለው እጁ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ።»

ኃይለመለኮት መጻፉን አቆመ።

«ለሚስቴ ነገርኳት፣ ጸበል እንሂድ አለችኝ። ማደንዘዣ የሰጠኝን ሰው ጠየቅሁት፣ ቅዠት ነው አለኝ። የተማረ ሰው ነው፣ ያውቃል አልኩ። አብጃለሁ ማለት ነው አልኩ። ከዚያ አሰብኩ። ሲስተር ፀዳለን በሰፈራችን የማያውቃት የለም፤ ለልጄ መርፌ የወጋች እሷ ናት። ቤቷን አውቀዋለሁ። በልደታ ቀን ሰው የለም ብላለች። ከመሳቢያው ጀርባ ጣውላው ካለ አላበድኩም። ከሌለ ጸበሌን እጠመቃለሁ።»

«ገባህ።»

«አንኳኳሁ፣ መልስ የለም። በሩ ገርበብ ብሏል። መሳቢያውን አወጣሁ። ጣውላውን ሳብኩት፣ ተንሸራተተ። ሣጥኗን በእጄ ያዝኳት። ተመስገን አምላኬ አልኩ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወዲያው ከኋላዬ፣ ማነህ አንተ? የሚል ድምፅ ሰማሁ። ኮቴን ያዙኝ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ ልንገራቸው? በርግጌ ተመነጨቅሁ። ሲወድቁ ሰማሁ። ገፍቻቸው ይሁን እንጃ፣ አላውቅም። ሣጥኗ እጄ ላይ መኖሯን ያወቅሁት መንገድ ከወጣሁ በኋላ ነው። መሞታቸውን የሰማሁት የቀብር ጥሩምባ ሲነፋ ነው።»

ኃይለመለኮት ካቴናውን አወጣ። ዘነበ እጁን ሰጠ፣ ግን ዓይኑን ከሻምበሉ አላነሣም።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። እዚያ አልጋ ላይ ነቅቼ ነበር ወይስ አልነበርኩም?»

«ነቅተህ ነበር» አለ ሻምበሉ። «ፈቃደ ራሱ አምኗል።»

ዘነበ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ከዚያ አፉን ገጥሞ፣ ድምፅ ሳያወጣ፣ ትከሻው እየተርገፈገፈ አለቀሰ።

ደሚቱ የተፈታችው የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ሻምበሉ በሩን አላስከፈተላትም፤ ኃይለመለኮትን ላከው። ፈቃደ ያደረገውን ሁሉ በጽሑፍ ሰጥቶ ከሥራ ታገደ። ሲስተር ፀዳለ የወርቁን ሣጥን ልትረከብ መጥታ ፈረመች፤ ከመውጣቷ በፊት አንድ የምግብ ሰሐን ከዘንቢሏ አወጣች።

«ለዚያ ሰውዬ ይስጡልኝ» አለች። «ማን እንደላከው አይንገሩት።»

«የእናትዎ ገዳይ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «ራስጌው ቆሜ የሣቅሁት ግን እኔ ነኝ።» ሰሐኑን ጠረጴዛው ላይ ትታ በፍጥነት ወጣች።

ሻምበል ወልደአማኑኤል ሪፖርቱን ሲጽፍ ስለ ደሚቱ አንድ አንቀጽ አስገብቶ ነበር፤ እንዴት እንደተያዘች፣ እንዴት እንዳመነች፣ ንጹሕነቷ ከታወቀ በኋላ ስንት ቀን እንደታሰረች። አለቃው አንብቦ መለሰለት።

«ጥሩ ሥራ ነው። ይህቺን አንቀጽ አውጣት። ለምን የራሳችንን ገመና እንጽፋለን?»

አወጣት። አዲሱን ገጽ ፈረመ። ፊርማው እንደ ወትሮው አማረ። ማኅደሩ ተዘጋና ደሚቱ የምትባል ሴት በዚያ ጉዳይ ውስጥ እንዳልነበረች ሆነች።

ማኅደሩ በተዘጋ በሦስተኛው ቀን፣ የማዕረግ ልብሱን እንደለበሰ ወደ ቤቷ ሄደ። ግቢው ስድስት ሰባት ቤተሰብ የሚጋራው ረጅም ግቢ ነው። ሴቶች ውኃ ሊቀዱ ቦኖው ሥር ተሰልፈዋል፤ አንድ ሽማግሌ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጫማ ይጠግናሉ። ፖሊስ ሲገባ ወሬው ሁሉ ቀጥ አለ።

ደሚቱ በረንዳው ላይ እግሯን በጨርቅ ጠቅልላ ተቀምጣለች። ሲያያት ልትነሣ ግድግዳውን ያዘች። አልቻለችም። ልጅዋ ከውስጥ ወጥታ ትከሻዋን ያዘቻት፤ ሻምበሉን ግን ቀና ብላም አላየችው።

«አይነሡ፣ እባክዎ» አለ። እርስዎ ሲላት ይህ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር፤ ለራሱም ጆሮ እንግዳ ሆነበት።

«ደግሞ ምን አደረግሁ ጌታዬ?»

«ምንም። ወንጀለኛው ተይዟል። እርስዎ ንጹሕ መሆንዎን ልነግርዎ ነው የመጣሁት። በምርመራው ሂደት ስሕተት ተፈጽሟል።»

ደሚቱ ይህን አባባል በልቧ ስታገላብጥ ቆየች። ከዚያ በዝግታ፣ ጎረቤቶቿን እያየች ተናገረች።

«እኔ መመታቱን ችዬዋለሁ ጌታዬ። ያልቻልኩት ሌላ ነው። ሳልሰርቅ ሰረቅሁ ብያለሁ። የልጄን እጮኛ ስም ጠርቻለሁ። ወላጆቹ ሰምተው ሽማግሌዎቻቸውን መልሰዋል። ሰው ሲያየኝ የት እንደምገባ አላውቅም። እና አሁን ስሕተት ተፈጽሟል ካሉ፣ ማነው የፈጸመው?»

ቦኖው ሥር አንድ ባልዲ ሞልቶ ይፈስሳል፤ የዘጋው ሰው የለም። ሻምበሉ ኮፍያውን አወለቀ። ኃይለመለኮት ነው ሊል ይችል ነበር፤ እውነትም እጁን ያነሣው ኃይለመለኮት ነው። አለቃዬ ነው ሊልም ይችል ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ። «ደሚቱ አልሰረቁም። የልጃቸው እጮኛም አልሰረቀም። እሳቸውን አስደብድቤ ያሳመንኳቸው እኔ ነኝ። ንጹሕ መሆናቸውን ካወቅሁም በኋላ አፍሬ ሦስት ቀን አሰርኳቸው።»

ጫማ የሚጠግኑት ሽማግሌ ወስፌያቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ።

«ድገመው» አሉ። «እዚያ ዳር ያሉት አልሰሙም።»

ሻምበል ወልደአማኑኤል ወደ ግቢው ዳር ዞረ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከመጀመሪያው ጀመረ።